የመንዝ ድንጋይ ቤት ሳያልቅ ብስክሌት ይድረስለት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰሜን ሸዋ ጎብኚ እንዲበዛላት ምን ይደረግ በሚል ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ባለ ብዙ ፎቅ ሆቴልና ሰፊ አስፋልት ይቅደም ይላሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ። ሆቴሉም አስፋልቱም ቢመጣ እሰየው ነው። ግን ሰው ባሕር አቋርጦ ጣርማበር ድረስ የሚመጣው ሆቴል ሊያይ አይደለም። አኗኗራችንን ሊያይ ነው። አኗኗራችን ያለው ቤታችን ውስጥ ነው፤ ያንን ቤት ደግሞ በገዛ እጃችን እያፈረስነው ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የእንጨት ሥራ አሰለጥናለሁ። እንጀራዬ ጣራ ማዋቀር፣ በርና መስኮት መሥራት ነው። የማየውን ሁሉ በአናጺ ዓይን ነው የማየው። አሁን የምነግራችሁም እንደዚያው ነው።

ሴት ልጄ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ኢንዶኔዥያ፣ ሱማትራ ውስጥ ሜዳን በምትባል ከተማ ተማረች። ለምረቃዋ ዘመድ አዝማድ ተረዳድቶ ላከኝ። ምረቃው ካለፈ በኋላ «አባዬ፣ ሐይቁን ሳታይ ንቅንቅ አትልም» ብላ ይዛኝ ወጣች። ሐይቁ ቶባ ይባላል። መሐሉ ላይ ሳሞሲር የምትባል ደሴት አለች። የባታክ ሕዝብ አገር ናት።

ስለ ሐይቁ ጥቂት ልበል፤ እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ እዚያ ቦታ ላይ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ባለፉት 2 ሚሊዮን ዓመታት ከደረሱት ፍንዳታዎች ትልቁ ነው ይላሉ የመስኩ ሊቃውንት። መሬቱ ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ጉድጓዱን ውኃ ሞላው። ዛሬ ርዝመቱ 100 ኪሎ ሜትር፣ ወርዱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጥልቀቱ እስከ 500 ሜትር ይወርዳል። ጣና በስፋት ይበልጠዋል፤ በጥልቀት ግን ጣና 15 ሜትር ገደማ ነው። ሳሞሲርን የፈጠራት ደግሞ ከሥር የቀረው የቀለጠ አለት ነው፤ የሐይቁን ወለል ወደ ላይ እየገፋ ከውኃው አወጣት። ስፋቷ ከ600 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ደሴቷ ላይ ደግሞ ሲዲሆኒ የሚባል ሌላ ትንሽ ሐይቅ አለ። ዩኔስኮ አካባቢውን በ2012 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የጂኦፓርክ መዝገብ አስፍሮታል።

ወደ ደሴቷ የተሻገርነው ከፓራፓት በጀልባ ነው። ልጄ የሕይወት አድን ጃኬት ካላጠለቅህ አንሳፈርም አለችኝ። እውነቷን ነው። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ከሲማኒንዶ የተነሣች ጀልባ ከአቅሟ በላይ ጭና ሰምጣ ከ160 በላይ ሰው ጠፍቷል። የብዙዎቹ አስከሬን ከዚያ ጥልቀት አልወጣም። ነፍስ ይማር።

ቱክቱክ ከምትባለው ወጣ ያለች መሬት ላይ አረፍን። እዚያ እያንዳንዱ እንግዳ ማረፊያ በር ላይ የሚከራይ ብስክሌት ተደርድሯል። አዲስ አይደሉም። ኮርቻቸው የተሰፋ፣ ማኑብርዮአቸው የላላም አሉባቸው። እኔ ፍሬኑንና ካቴናውን አይቼ ሁለት መረጥኩ። ልጄ የመረጥኩበትን ምክንያት ለአከራይዋ በቋንቋቸው ስትነግራት ሴትዮዋ ሳቀችና ካላማዳሪና መንፊያ ጨምራ ሰጠችን። በዚያ አገር መኪና የሚሄደው በግራ ነው። መገንጠያ በደረስን ቁጥር ልጄ «በግራ፣ አባዬ፣ በግራ!» እያለች ትጮህብኝ ነበር።

መንገዱ የሐይቁን ዳር ይዞ ይዞራል። በአንድ በኩል ውኃ፣ በሌላ በኩል የሩዝ ማሳ፣ ከማሳው ኋላ ደግሞ ቀጥ ያለ ተራራ። ጎሽ መስክ ላይ ይግጣል። በየመንደሩ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ይታያል፤ አብዛኛው የባታክ ሰው ፕሮቴስታንት ክርስቲያን ነው። መቃብራቸው አስገርሞኛል። ማሳው መሐል በሲሚንቶ የተሠራ ትልቅ ሐውልት ይቆማል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ የባታክ ቤት ተቀምጦበታል። ሰው ሞቶም ከቤቱ አልተለየም ማለት ነው። ልጆች ከመንገድ ዳር «ሆራስ! ሆራስ!» ይሉናል፤ ሰላምታቸው ነው። እኛም ሆራስ እያልን እናልፋለን። በመኪና ብንሄድ ኖሮ ይህን ሁሉ በመስታወት አይተነው እናልፍ ነበር።

አሁን ወደ ቤቱ ልግባ።

የባታክ ቤት በቋሚዎች ላይ ይቆማል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ ስለሆነ ከሥሩ ድሮ ከብትና አሳማ ያድሩበት ነበር። ጣራው መሐሉ ዝቅ፣ ሁለት ጫፉ ከፍ ያለ ነው፤ ልክ እንደ ኮርቻ። የፊቱ ጫፍ ወደ ደጅ ዘንበል ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ዝናብ የቤቱን ግንባር አይመታውም። የሚገርመው፣ አጥንቱ ላይ ሚስማር የለም። አንዱ እንጨት ተበስቶ ሌላው ይገባበታል፤ በሽብልቅ ይጠብቃል፤ የቀረው በገመድ ይታሰራል። ከወለሉ ሥር ገብቼ ቋሚዎቹን በእጄ ዳሰስኳቸው። አግዳሚው ቋሚውን ሰንጥቆ ያልፋል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ቤቱ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። ሱማትራ የመሬት መንቀጥቀጥ አገር ናት፤ አናጺዎቹ ይህን ከጥንት አውቀውታል። እኛም ከስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው የምንኖረው። ይህን ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳይቻቸዋለሁ።

ግንባሩ በሙሉ ተቀርጿል። ቀለሙ ሦስት ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ። ቅርጹን ጎርጋ ይሉታል። ከሐረግ መሰል ጌጡ መሐል እንሽላሊት አለች፤ አጠገቧ የሴት ጡት። በሩ ዝቅ ያለ ነው። የገባ ሁሉ ለባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ውስጡ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ግድግዳ የለውም። ድሮ ብዙ ቤተሰብ አብሮ ይኖርበት ነበር፤ ማታ ማታ ምንጣፍ እየሰቀሉ ይከልሉታል። ከቤቱ ፊት ለፊት ጎተራ ይቆማል። አይጥ እንዳትወጣ በቋሚዎቹ ላይ ክብ እንጨት ተደርጓል። መንደሩ ሁለት ረድፍ ነው፤ ቤት ከዚህ፣ ጎተራ ከዚያ፣ መሐሉ ደጅ።

የጣራው ነገር ነው ግን ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ።

የባታክ ጣራ ድሮ የሚከደነው ከአንድ ዓይነት ዘንባባ በሚወጣ ጥቁር ጭረት ነበር። ዛሬ ብዙው ቆርቆሮ ነው። ዝጎ ቀይ የሆነም አለ። አንዳንድ ጎብኚዎች ይህን አይተው ያዝናሉ። እኔ አላዘንኩም። ቆርቆሮው የወጣው በዚያው በድሮው አጥንት ላይ ነዋ! ጎበጥ ያለውን ጣራ ለመከተል ቆርቆሮውን በጠባብ በጠባቡ እየቆረጡ፣ እያደራረቡ አልብሰውታል። የተቀየረው ልብሱ ነው። ቋሚው፣ ወለሉ፣ ግንባሩ፣ ዝቅ ያለው በር እንዳለ ነው። ውስጡ ሰው ይኖራል። ደጁ ላይ ልብስ፣ ሩዝና ቡና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሳተላይት ሳህን የተተከለበትም አይቻለሁ።

ወደ መንዝ ልመለስ። የመንዝ ቤት ክብ ነው፤ ግድግዳው የድንጋይ ካብ ነው፤ ክዳኑ ሳር ነው። እንጨት በማይበቅልበት ደጋ ላይ ድንጋይን አምላክ አትረፍርፎ ስለሰጠ አባቶቻችን በድንጋይ ሠሩ። ካቡ ወፍራም ነው። ያ የመንዝ ንፋስ አይገባውም። ከብቱ በአንድ ወገን፣ ሰው በመደብና በቆጥ፤ ሙቀቱን ይጋራሉ። ይህ ድህነት አይደለም፤ ብልሃት ነው። የባታክ ሰው ከብቱን ከሥር አሳደረ፣ የእኛ ሰው ከጎን። ለጣራው ደግሞ ጓሳ አለ። ጓሳ ሳር በደንብ ከተከደነ ብዙ ዓመት ይቆያል።

ዛሬ ምን እየሆነ ነው? አንድ ገበሬ ገንዘብ ሲያገኝ ቆርቆሮ ይገዛል። ተገቢ ነው፤ ማንም ሰው የሚያፈስ ጣራ ሥር ማደር የለበትም። ግን ቆርቆሮ አራት ማዕዘን ነው። ክብ ጣራ ላይ ሲወጣ በሽብልቅ መልክ መቆረጥ አለበት። ብዙ ይባክናል፤ እጅ ሥራውም ይበዛል። ይህን የሚችል አናጺ በቀበሌው የለም። ስለዚህ ገበሬው የድንጋይ ቤቱን አፍርሶ፣ በባሕር ዛፍና በጭቃ አራት ማዕዘን ቤት ያቆማል። አዲሱ ቤት ግድግዳው ቀጭን ነው፤ ሌሊት ይበርዳል፤ ሲዘንብ ደግሞ ቆርቆሮው ሰው አያነጋግርም። የካቡ ድንጋይ ለአጥር ይሄዳል። ቤቱን ያስፈረሰው ቆርቆሮው አይደለም፤ ክብ ጣራ በቆርቆሮ የሚያዋቅር ሰው መጥፋቱ ነው። ሙያው ግን አለ። ክብ አብያተ ክርስቲያናትን አይታችኋል? ጣራቸው ቆርቆሮ ነው፤ ክብነታቸውም አልጠፋም። ያ እጅ ወደ ገበሬው ቤት ይምጣ ነው የምለው። ከቆርቆሮው ሥር የሳር ወይም የቀርከሃ ንጣፍ ቢገባበት ብርዱም ጩኸቱም ይቀንሳል።

በሳሞሲር ቤቱ እንዳይፈርስ ያደረገው አንዱ ነገር በብስክሌት የሚመጣው እንግዳ ነው ብዬ አምናለሁ። አምባሪታ አጠገብ ሲአላጋን የሚባል በድንጋይ የታጠረ መንደር አለ። መሐሉ ላይ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ሥር ከድንጋይ የተጠረቡ ወንበሮች ክብ ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። የጎሳው አለቆች ተቀምጠው ይፈርዱ የነበረው እዚያ ነው። ከበድ ያለ ወንጀል የሠራ እዚያው መንደር ውስጥ በሞት ይቀጣ ነበር። እኔ የኛን ሸንጎ አስታወስኩ፤ የዋርካውን ጥላ፣ ሽማግሌውን፣ «በላ ልበልሃ»ውን። መግቢያ ከፈልን። ያስጎበኘን ወጣት ራሱ የሲአላጋን ጎሳ ልጅ ነው። የአያቱን ነገር ነው የሚያወራው፤ ሲናገር ደረቱ ይነፋል። የተከፈለው ገንዘብ እዚያው መንደር ይቀራል አለን።

ቶሞክ ከቱክቱክ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ የሲዳቡታር ነገሥታት ከድንጋይ በተፈለፈለ መቃብር ተቀብረዋል። ሲማኒንዶ ወደ ሰሜን ራቅ ይላል። እዚያ የንጉሥ ቤት ሙዚየም ሆኗል፤ ደጁ ላይ ይጨፈራል። ጥሩ ነው። ግን በልቤ የቀረው ቲኬት የሌለበት መንደር ነው። ጎማዬ ተነፈሰና ቆምን። አንዲት እናት ከቤቷ ሥር ተቀምጣ በወገቧ በታሰረ የእጅ መሸመኛ ኡሎስ ትሸምናለች። ኡሎስ በሠርግ፣ በልደትና በለቅሶ ትከሻ ላይ የሚደረግ ልብሳቸው ነው። ጎማውን እስክለጥፍ ድረስ ቡና አፈላችልን። ቡናው ከዚያው ከሐይቁ ዙሪያ ደጋ የተለቀመ አረቢካ ነው። ልጄ «እናታችን፣ የዚህ ዘር የመጣው ከእኛ አገር ነው» ስትላት ሴትዮዋ ሥራዋን አቁማ ዳግመኛ ቀዳችልን። ምሳም እዚያው በላን። አሳማ አንበላም ስንል ቅር አላላትም። በእርድና በአንዳሊማን በሚሉት ምላስ የሚያደነዝዝ ቅመም የተሠራ ዓሣ ሰጠችን። ከልጇ ኡሎስ ገዛን። መኪና ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጎማው ቢተነፍስ ጎሚስታ ይጠራል እንጂ ሰው ቤት አይገባም።

እስቲ አስቡት። መንዝ ውስጥ በየደጁ ሱፍ የምትፈትል እናት አለች። ከጥቁር በግ ሱፍ ባና የሚሸምን አለ። ያንን ባና አዲስ አበባ ላይ ነጋዴ አትርፎ ይሸጠዋል፤ ፈታይዋ የምታገኘው ግን የቀረውን ነው። አንድ እንግዳ በብስክሌት ደጇ ቢደርስ፣ ጠላ ወይም ቡና ቢጠጣ፣ ባናውን ከእጇ ቢገዛ ገንዘቡ በማንም ኪስ ሳያልፍ ጓዳዋ ይገባል።

«ሰሜን ሸዋ ተራራ ነው፤ ማን በብስክሌት ይወጣዋል?» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል። ሳንባ ይፈትናል። ግን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ብዙው ረጋ ያለ ደጋ ነው። 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማለዳ የወጣ ጎረቤላ ደርሶ ምሳ ይበላል፤ የነሣህለ ሥላሴን የቤተ መንግሥት ቦታ ያያል። ጉልበቱ ያለው ደግሞ ወደ አልዩ አምባ ይወርዳል። እዚያ አርጎባዎች አሉ፤ ወደ ባሕር የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ ያርፍባት የነበረች ጥንታዊ ገበያ ናት። መመለሻው በአይሱዙ ይሁን፤ ብስክሌቱን ከላይ ይጫነው። በኮረብታው የፈራ ከመሐል ሜዳ ዙሪያ ይጀምር። ሳሩ የሚበቅልበትን የጓሳን ምድር ያያል፣ ጭላዳውን ያያል፣ ዕድል ካለው ቀይ ቀበሮም ያያል።

ጓሳን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። የመንዝ ሰው ያንን 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሳሩ ሲደርስ ይከፍቱታል፤ ያላግባብ ያጨደ ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሰው ጓሳን አልተወውም፤ ዛሬም ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል፤ እንግዳ ማረፊያም አለው። ሳሩን የሚጠብቅ ሕዝብ ሳሩ የሚከድነውን ቤት መጠበቅ ያቅተዋል? አያቅተውም። የጠየቀው ስለሌለ ነው።

መንገዱ ሰላም ሲሆን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። ያለንበትን ሁሉም ያውቀዋል። ዛሬ ማንንም ብስክሌት ይዘህ ውጣ አልልም። ግን ሰላም እስኪወርድ ቤቱ አይጠብቀንም። በየዓመቱ ከበጋ ጋር መፍረስ ይጀምራል። ሥራው ዛሬ ሊጀመር የሚችል ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህን ነው። የወረዳና የዞን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች በየቀበሌው የቀሩትን የድንጋይ ቤቶች፣ ሰው የሚኖርባቸውን፣ ይመዝግቡ። የሥልጠና ተቋማት ክብ ጣራ በቆርቆሮና በጓሳ ማዋቀርን በትምህርታቸው ያስገቡ። ይህን ለማስተማር ክረምቱን በነፃ ለመስጠት ዝግጁ ነኝ፤ ንድፉን ሥያለሁ፤ አንድ የሙከራ ጣራም ከተማሪዎቼ ጋር ጀምረናል። የደብረ ብርሃን ጎረምሶች ደግሞ ብስክሌት የሚያከራዩበት ቦታ ይሰጣቸው፤ ከእነሱ ውስጥ ካላማዳሪ መለጠፍና እንግዳ ማናገር የሚችል አይጠፋም። ቤቱን ሳያፈርስ ጣራውን ለሚያድስ ገበሬ የቆርቆሮውን ትርፍ ወጪ የሚሸፍን አንድ ዓይነት ድጋፍ ቢኖር ደግሞ መልካም ነው። ያ ወጪ ከአንድ ፎቅ ሆቴል መሠረት ይቀላል።

በመንዝ፣ በጣርማበርና በአንኮበር በኩል ክብ የቤተ ክርስቲያን ጣራ በቆርቆሮ ያዋቀራችሁ አናጺዎች ካላችሁ ጻፉልኝ። ቆርቆሮውን ጉልላቱ አጠገብ እንዴት እንደምትገጥሙትና ውኃ እንዳይገባ በምን እንደምትደፍኑት ከእናንተ መማር እፈልጋለሁ። ስልኬ በዝግጅት ክፍሉ ዘንድ አለ።

ከአክብሮት ጋር፣
የእንጨት ሥራ አሰልጣኝ፣ ከደብረ ብርሃን